ልጅ የማን ነው? ከሜሪላንድ ችሎት እስከ ኢዲዶ ጓሮ

በይርጋጨፌ ወረዳ ከኢዲዶ ጓሮዎች የሚለቀመው ቡና ከብዙዎቻችን በላይ አገር ያያል። ከእንሰቱና ከጥላ ዛፉ ሥር በእሸትነቱ ይለቀማል፤ ታጥቦ ወይም በጀንፈሉ ደርቆ ከዲላና ከአዲስ አበባ ያልፋል፤ ባሕር ተሻግሮም በአሜሪካ ከተሞች የአካባቢውን ስም ይዞ ይሸጣል። ቡናው የሄደበት መንገድ ግን በባዶው አይመለስም። ዋጋውም፣ ወሬውም፣ ባህሉም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል።

ለምሳሌ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ በሚገቡ ሸቀጦች ላይ አዲስ ቀረጥ ሲጥል በኢትዮጵያ ዕቃ ላይ የተጣለው 10 በመቶ ነበር፤ ቡናም ከዚያ አላመለጠም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ደግሞ ቡና ከቀረጡ ነፃ እንዲሆን ተወሰነ። በጁላይ 1 ቀን 2025 ከስድሳ ዓመታት በላይ የቆየው የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት፣ ዩ.ኤስ.ኤይድ፣ የውጭ እርዳታ ሥራውን አቆመ። የኢዲዶ ገበሬ ከእነዚህ ውሳኔዎች ለአንዱም ሐሳቡን አልተጠየቀም፤ ውጤቱ ግን ደጃፉ ድረስ ይመጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ይሁንና በዚህ ጽሑፋችን ልናነሳ የፈለግነው የቀረጡን ነገር አይደለም። ከቀረጥ ይልቅ በቀስታ የሚመጣ፣ ሲመጣም በር የማያንኳኳ ሌላ ጉዳይ አለ። እርሱም የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

የአሜሪካን ፖለቲካ ዛሬ ለሁለት ከከፈሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በአንድ ወገን ወግ አጥባቂ የሚባሉት ቤተሰብ፣ ሃይማኖትና የቆየ ሥርዓት ይጠበቅ ይላሉ። በሌላው ወገን ሊበራል የሚባሉት ሰው ሁሉ ኑሮውን እንደ ፈቃዱ ይምራ፣ ትምህርት ቤትም የሰዎችን ልዩ ልዩ አኗኗር ለልጆች ያሳውቅ ይላሉ። ክርክሩ ብዙ ቅርንጫፍ ቢኖረውም ግንዱ አንድ አጭር ጥያቄ ነው፦ ለመሆኑ ልጅ የማን ነው?

እኛ ለዚህ ጥያቄ መልስ አናጣም። ልጅ የአላህ (ሱ.ወ.) አማና ነው፤ ወላጅ ደግሞ በአማናው የሚጠየቅ እረኛ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንኑ አስተምረውናል። መልሱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ልጁ በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት በሌላ ሰው እጅ በሚውልበት ዘመን አማናውን መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ጉዳይ ምን እንደገጠማቸው ማወቁ ይጠቅመናል።

ነገሩ እንዲህ ነው

ሞንትጎመሪ ካውንቲ በሜሪላንድ ግዛት ከዋሽንግተን ከተማ ጋር የሚዋሰን አስተዳደር ነው። በውስጡ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ያሏቸው ሲሆን፣ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ለወላጆች የሚያወጣቸው ማስታወቂያዎች ወደ አማርኛም ይተረጎማሉ። ይህ ብቻውን የወገኖቻችንን ብዛት ይናገራል።

በ2022 መገባደጃ ላይ የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ለአንደኛ ደረጃ የቋንቋ ትምህርት አዳዲስ የተረት መጻሕፍትን አስገባ። ከነዚህም አንዳንዶቹ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን፣ ወይም ሴት ሆኖ ተወልዶ ወንድ ነኝ የሚል ልጅን ታሪክ የሚያቀርቡ ነበሩ። መጻሕፍቱ የተመረጡት ፊደል መቁጠር ከሚጀምሩት ሕፃናት ጀምሮ ላሉ ልጆች ነው። ልጆቹ ጥያቄ ሲያነሱ መምህራኑ ምን ብለው እንደሚመልሱ የሚጠቁም መመሪያም አብሮ ተዘጋጅቶ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቦርዱ ለወላጆች አስቀድሞ እያሳወቀ፣ ያልፈለገ ወላጅ ልጁን በዚያ ሰዓት ከክፍል እንዲያስወጣ ይፈቅድ ነበር። በማርች 2023 ግን ፈቃዱን አነሳ። ከሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ጀምሮ ማሳወቅም፣ ማስወጣትም አይኖርም ተባለ። የቦርዱ ምክንያት ጥያቄው በዝቶ ለአሠራር አስቸገረ፤ ከክፍል የሚወጡት ሲበዙ ደግሞ በመጻሕፍቱ የተወከሉት ልጆችና ቤተሰቦቻቸው እንደ ነውረኛ ይታያሉ የሚል ነበር።

ወላጆች በዚህ አዘኑ። በሰኔ አካባቢ በሮክቪል ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ለሰልፍ ወጡ። ከመካከላቸው ከተለያየ አገር የመጡ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ጎልተው ታዩ። በአገር ቤት በአንድ መንደር ጎረቤት ሆነው የኖሩ ሁለት ሃይማኖቶች በባዕድ አገር በአንድ ሰልፍ፣ በአንድ ጥያቄ ተገናኙ። ጥያቄያቸውም መጻሕፍቱ ይቃጠሉ የሚል አልነበረም። አስቀድማችሁ አሳውቁን፤ ልጃችንንም በዚያ ሰዓት እንድናስወጣ ፍቀዱልን የሚል ነበር እንጂ።

በዚያን ሰሞን አንዲት የካውንቲው ምክር ቤት አባል ይህ ጉዳይ አንዳንድ ሙስሊም ቤተሰቦችን ከዘረኞች ጎን አቁሟቸዋል የሚል ንግግር አድርገው ሙስሊሙን አስቆጡ፤ በኋላም ይቅርታ ጠየቁ። ልጅህን በእምነትህ ላሳድግ በማለትህ ብቻ ከዘረኛ ጋር ስትቆጠር ምን ይሰማሃል? ብዙዎቹ ወላጆች ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘረኝነት ሰለባዎች ናቸው ተብሎ የሚታዘንላቸው ነበሩ። እዝነቱ ግን ከእምነታቸው ጋር እስኪጋጭ ድረስ ብቻ የቆየ ሆኖ ተገኘ።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ምንስ አላለም?

በሜይ 2023 የሙስሊም፣ የካቶሊክና የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች አንድ ላይ ሆነው ቦርዱን ከሰሱ። ክሱ በሕግ ታሪክ «ማሕሙድ እና ቴይለር» ተብሎ ይጠራል። በኦገስት 2023 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገው። በሜይ 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም 2 ለ1 በሆነ ድምፅ ያንኑ አጸና። ወላጆቹ ተስፋ ሳይቆርጡ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቁ። በጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለወላጆቹ ወሰነ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ናቸው።

የፍርዱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለልጅ ነፃ ትምህርት ስለሚሰጥ ብቻ ወላጅ በልጁ ሃይማኖታዊ አስተዳደግ ላይ ያለውን መብት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሎ እንዲገባ ሊያስገድደው አይችልም። ስለዚህ ክሱ በሥር ፍርድ ቤት ታይቶ እስኪያልቅ ድረስ ትምህርት ቤቱ ለከሳሾቹ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ልጆቻቸውንም ያሰናብት ተባለ።

ፍርዱ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አይደለም። በ1925 የኦሬገን ግዛት ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ይማሩ የሚል ሕግ አውጥቶ ነበርና ያው ፍርድ ቤት ሽሮታል። በ1972 ደግሞ በዊስኮንሲን ግዛት በእርሻ የሚተዳደሩትና ከዘመናዊው ኑሮ ርቀው የሚኖሩት አሚሽ የተባሉት ክርስቲያኖች ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ከትምህርት ቤት አስቀርተው በእርሻና በእምነት ለማሳደግ ያቀረቡትን ጥያቄ ተቀብሏል። እንግዲህ ሙስሊሙ አባት በ2025 ያሸነፈው ክርስቲያኑ ገበሬ በ1972 በጠረገው መንገድ ነው። ለአንዱ እምነት የተከበረ መብት ለሌላውም መጠለያ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ፍርዱ ያላለውንም መናገር ተገቢ ነው። መጻሕፍቱን አላገደም። ሌሎች ልጆች አያንብቧቸው አላለም። የተቃወሙት ሦስቱ ዳኞችም ዝም ብለው አልተቃወሙም። ሐሳባቸውን የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማየር፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተለያየ እምነትና አኗኗር ያላቸው ልጆች አብሮ መኖርን የሚማሩበት ቦታ ነው፤ ወላጅ ሁሉ ያልወደደውን ትምህርት እየመረጠ ልጁን ካስወጣ ማስተማር አይቻልም ብለዋል። ይህ ስጋት የሚናቅ አይደለም። መልሳችን ግን ግልጽ ነው፤ አብሮ መኖር ጎረቤትን ማክበር ነው እንጂ የጎረቤትን እምነት ለልጅ ማስጠናት አይደለም። ከእኛ የተለየ አኗኗር ያለውን ሰው መስደብም ሆነ መጉዳት ከሃይማኖታችን አይደለም፤ ሐራም የተባለውን ለአምስት ዓመት ሕፃን ሐላል አስመስሎ መንገር ደግሞ ከወላጅ ፈቃድ ውጭ ሊሆን አይገባም።

ወዳጅነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ይህን ፍርድ የሰጡት ስድስቱ ዳኞች በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ ናቸው። ከዚህም የተነሳ አንዳንድ ወገኖቻችን፣ እንግዲህ የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች የእኛ ወገን ናቸው፤ ፖለቲካቸውን በሙሉ እንያዝ ሲሉ ይሰማል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

ሙስሊሙ ይህን መንገድ ከዚህ በፊት ሄዶበታል። በ2000 ምርጫ ዋና ዋናዎቹ የአሜሪካ ሙስሊም ድርጅቶች በጋራ ሆነው ሙስሊሙ ለጆርጅ ቡሽ ድምፁን እንዲሰጥ ጥሪ አቅርበው ነበር። ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ የመጣው የክትትል ሕግና በ2003 ኢራቅ ላይ የተከፈተው ጦርነት ያን ተስፋ የት እንዳደረሰው ሁሉም ያውቃል። በጃኑዋሪ 2017 የሰባት ሙስሊም የሚበዛባቸው አገሮች ዜጎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ታገደ። በጁን 2025፣ የሜሪላንድ ወላጆች ባሸነፉበት በዚያው ወር፣ ጎረቤቶቻችን ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኤርትራ የሚገኙበት የ12 አገሮች እገዳ ሥራ ላይ ዋለ። ቤተሰብ ይጠበቅ የሚለው አፍ፣ የስንቱን ወንድምና እህት መገናኛ ዘጋ!

በሌላው ወገንም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በ2024 በሚሺጋን ግዛት በዴሞክራቶች የእጩ ምርጫ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች በጋዛ ጦርነት ምክንያት ለማንም አንወግንም የሚለውን ምርጫ መረጡ። በዚያው ግዛት ሃምትራምክ የምትባለው፣ ከ2022 ጀምሮ የምክር ቤቷ አባላት በሙሉ ሙስሊሞች የነበሩባት ትንሽ ከተማ፣ በ2023 በከተማዋ ይዞታ ላይ የሚሰቀሉ ባንዲራዎችን ገድባ የግብረ ሰዶማውያንን ባንዲራ በማስቀረቷ ቀድሞ የሚያጨበጭቡላት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩባት። ከንቲባዋ በ2024 ዶናልድ ትራምፕን ደገፉ። ሙስሊሙ ከአንዱ ወገን የቤተሰብን ክብር፣ ከሌላው ወገን የስደተኛን መብት ይሻል። ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘ ፓርቲ ግን እስካሁን አላገኘም።

ሌላም እውነት አለ። በአሜሪካ ባልና ሚስት የማንም ጥፋት ሳይመሰከር እንዲፋቱ የሚፈቅደውን ሕግ በ1969 በካሊፎርኒያ በመፈረም ለሌሎቹ ግዛቶች ፋና የሆነው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በኋላ የወግ አጥባቂዎች ታላቅ መሪ የተባለው ሮናልድ ሬገን ነው። እርሱም የሚለው ቤተሰብ ይከበር ነበር። ከዚህ የምንረዳው ቤተሰብ በፓርቲ ንግግር እንደማይጠበቅ ነው። መድረክ ላይ የተሞገሰ ቤተሰብ በፊርማ ሊፈታ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቁርኣን የሚያስተምረን ፍትሕን ነው፤ የአንድን ሕዝብ መጥላት እንኳ ከፍትሕ እንዳያወጣን አስጠንቅቆናል። እውነት የተናገረውን ማንም ቢሆን እውነት ተናገርክ እንለዋለን፤ የበደለውንም በደልክ እንለዋለን። በአንድ ጉዳይ አብሮ መቆም መልካም ነው። አንገትን አሳልፎ መስጠት ግን ሌላ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለዲላ ወላጅ፣ ለይርጋጨፌ ነጋዴ፣ ለኢዲዶ ገበሬ ምን ይነግረዋል?

አንደኛ፣ የሜሪላንድ ወላጆች ሁለት ዓመት የተሟገቱለት መብት በእኛ አገር በሕገ መንግሥት ተጽፏል። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። በአንቀጽ 34 ቤተሰብን የኅብረተሰብ መሠረት አድርጎ ጥበቃ ይሰጠዋል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ወገናዊነት ነፃ እንዲሆን ያዝዛል። የወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ሲጠራ ወንበሩን ባዶ የሚተው ወላጅ ይህን መብት በሣጥን ቆልፎበት እንደተኛ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ መብት የሚጠበቀው ለሁሉም ሲጠበቅ ነው። በጌዴኦ ዞን አብዛኛው ሕዝብ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ሲሆን ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ጥቂት መሆን ምን እንደሆነ እናውቃለን። በ2025 መጀመሪያ በአክሱም ከተማ ሙስሊም ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲከለከሉ ልባችን ደምቷል። ያን በደል በደል ያልን ሰዎች፣ እኛ በምንበዛበት ቦታ የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ የእኛን እምነት እንዲማር ብናደርግ ምን መልስ ይኖረናል? ለልጃችን የምንሻውን ለጎረቤታችን ልጅ እንሻ።

ሦስተኛ፣ ይህ ምድር ራሱ ትምህርት አለው። በሴፕቴምበር 2023 በሪያድ በተደረገው ጉባኤ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ዓለም ያደነቀው ምንድን ነው? ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን በአንድ ጓሮ ደራርቦ የሚያኖረውን ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ ያቆየው ካድሬም ሆነ ፈረንጅ አይደለም። አባት ለልጁ፣ እናት ለልጇ በጓሮ ውስጥ እያሳዩ ያስተላለፉት፣ ሽማግሌዎችም በሶንጎ ተቀምጠው የጠበቁት ነው። አንድ ትውልድ ልጁን ይዞ ጓሮ መግባት ቢተው ኖሮ ቅርሱ አይኖርም ነበር። እምነትም እንደዚሁ ነው። ከአንዱ ትውልድ እጅ ከወደቀ የሚቀጥለው ከየትም አያነሣውም።

መብቱ ከተገኘ በኋላ

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደረስን። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሜሪላንዱ አባት የሰጠው ልጁን ከክፍል የማስወጣት መብት ነው። ልጁ ከክፍል ሲወጣ ወዴት ይገባል? ቤቱ ባዶ ከሆነ፣ አባቱ በሁለት ሥራ ተይዞ፣ እናቱ ደክሟት፣ ልጁ ከስልኩ ጋር ብቻውን ከተቀመጠ፣ ትምህርት ቤቱ በሰዓት ሊያስተምረው ያሰበውን ስልኩ በደቂቃ ያስተምረዋል። ስልክ ደግሞ አያሳውቅም፤ ፈቃድም አይጠይቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አይዳኘው።

ይህ የሲልቨር ስፕሪንግ ችግር ብቻ አይደለም። ስልኩ ዲላ ገብቷል፤ የቡና መሸጫው ወቅት ሲደርስም በገጠሩ መንደር ይበዛል። በእሸት ሽያጭ ገንዘብ ለልጁ ስልክ የሚገዛ አባት፣ ለልጁ የገዛው መሣሪያ ብቻ ሳይሆን መምህርም መሆኑን ይወቅ። መምህሩን ሳይመረምር ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ ወላጅ አለን?

ስለዚህ ለውድ አንባቢዎቻችን የምንለው ጥቂት ነው።

ልጃችሁ ዛሬ ምን ተማርክ ሲባል የሚመልሰውን አድምጡ። ከመቆጣት በፊት መጠየቅ ይቅደም፤ የሚቆጣ ወላጅ ልጅ ይዋሸዋል፤ የሚጠይቅ ወላጅ ግን ልጁን ይሰማዋል። ሉቅማን ልጁን ሲመክር እንዴት በለሰለሰ አንደበት እንደጠራው አስታውሱ፤ ከተውሒድ ጀምሮ እስከ አረማመዱና እስከ ድምፁ ልክ ድረስ ያስተማረው በፍቅር ነው።

ቡና ሲፈላ ስልኩ ይቀመጥ። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም የቤተሰብ ጨዋታ ይሁኑ። አባቶቻችን በዚህ ሥርዓት ስንት ጸብ አብርደዋል፤ ስንት ልጅ መክረዋል! ከጓሯችን ወጥቶ አሜሪካ የደረሰው ቡና በእኛው ቤት ዝም ብሎ የሚጠጣ ከሆነ ክስረቱ የእኛ ነው።

በአሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ስትደውሉ የሚላከውን ገንዘብ ብቻ አታንሡ። ልጆቹን በስልክ አቅርቧቸው፤ በቋንቋችሁ አናግሯቸው፤ አያት ለልጅ ልጇ ዱዓ ታድርግ። ያ ልጅ ነገ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ የሚያስታውሰው ድምፅ ያስፈልገዋል። እናንተ ከዚህ ሆናችሁ የምትልኩለት ስንቅ ይኸው ነው።

ወላጆቹ በዋሽንግተን ችሎት ልጁ የእኛ ነው ብለው መስክረዋል። ምስክርነቱ ግን በችሎት አያልቅም፤ በየቤቱ በየቀኑ ይደገማል። ልጅ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ማን አብሮት እንደዋለ በማየት ነውና።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አማናውንም ሳናጎድል የምንመልስ ያድርገን። አሚን።